ሚኒባስና አይሱዙ፦ ሞመንተምና የእንቅስቃሴ ጉልበት እንዴት ይሰላሉ?

ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን የተያዘ መኪና ሳይቆም የሚሄደው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ጋቢና የሚቀመጥ ሰው ይህን በሆዱ ያውቀዋል። ወረቀትና እስክሪብቶ ይያዙና በቁጥር እንየው።

መጀመሪያ ፍጥነቱን ይቀይሩ። ቆጣሪው የሚያሳየው ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው፤ እኛ የምንፈልገው ሜትር በሰከንድ። ለ3.6 ያካፍሉት። 72 የነበረው 20 ይሆናል። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚችው ጋ ነው።

ቀጥሎ መጠነ ቁስ። ሚኒባሱ 2,000 ኪሎ ግራም ነው እንበል። ትርፍ ከጫነማ ያልፋል።

ሞመንተም ሁለቱን ማባዛት ብቻ ነው፦ 2,000 × 20 = 40,000። ለእንቅስቃሴ ጉልበት ግን ፍጥነቱን በራሱ ያባዙ፣ ውጤቱን በመጠነ ቁሱ ያባዙ፣ ከዚያ ለሁለት ያካፍሉ። 400,000 ጁል (የጉልበት መለኪያ) ያገኛሉ።

አሁን ሹፌሩ ወደ 36 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ ማለትም ወደ 10 ሜትር በሰከንድ ይቀንስ። ሞመንተሙ 20,000፣ ጉልበቱ 100,000። አንዱ ግማሽ ሆነ፣ ሌላው ሩብ።

የሁለቱ ልዩነት ለእኔ የገባኝ አይሱዙ ሳስገባበት ነው። ጭነት ይዞ 8,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን አይሱዙ በ18 ኪሎ ሜትር በሰዓት እየተንፏቀቀ ነው። ይሄ 5 ሜትር በሰከንድ ነው። ሞመንተሙ 40,000፤ በ72 ከሚከንፈው ሚኒባስ ጋር እኩል! ጉልበቱ ግን 100,000 ጁል ብቻ።

ሁለቱንም በ10,000 ኒውተን (የኃይል መለኪያ) ፍሬን እንያዛቸው። ሞመንተሙን ለዚህ ኃይል ሲያካፍሉ ሰከንድ ይሰጥዎታል፣ ጉልበቱን ሲያካፍሉ ሜትር። ሁለቱም በ4 ሰከንድ ይቆማሉ። አይሱዙው እስኪቆም 10 ሜትር ይሄዳል፣ ሚኒባሱ 40። ይሄም እግር ፍሬኑን ከረገጠ በኋላ ያለው ነው። የሚኒባሱ ሹፌር ስልኩን እያየ ከነበረ፣ ላየባት ለእያንዳንዷ ሰከንድ 20 ሜትር ይጨምሩ።

ቁጥሩ ካላሳመነዎት ጭቃ ይሞክሩ። ኔዘርላንዳዊው ሳይንቲስት ስግራቬዛንደ በ1720ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የናስ ኳሶችን ለስላሳ ሸክላ ላይ እየጣለ ያየው ይህንኑ ነው፦ ፍጥነቱ እጥፍ የሆነው ኳስ አራት እጥፍ ጠልቆ ይገባል። እርስዎ ብይ ይበቃዎታል። አንዴ ከ20፣ አንዴ ከ80 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ይልቀቋት። ከ80ው ስትወርድ ጭቃው ጋ የምትደርሰው በእጥፍ ፍጥነት ነው። ከዚያ ጉድጓዶቹን በክብሪት እንጨት ይለኩ።