የምኒልክን ብር ከውጭ ስታስመጡ፦ የእንግሊዝ ጉምሩክ ስንት ይቆርጥባችኋል?

እንግሊዝ አገር ሆናችሁ የድሮ የኢትዮጵያ ሳንቲም ወይም ቴምብር ከአሜሪካ ልትገዙ ነው? ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ። የምትከፍሉትን ታክስ የሚወስነው ዕቃው ብቻ አይደለም። እሽጉ ላይ የምትለጠፈው የጉምሩክ መግለጫ ወረቀትም ናት። እሷን የሚሞላት ደግሞ ሻጩ ነው፣ እናንተ አይደላችሁም።

እኔ የገባኝ ከከፈልኩ በኋላ ነው። የመጀመሪያዬን የምኒልክ ብር በ300 ፓውንድ ገዛሁ፤ ማጓጓዣው 20 ፓውንድ ነበር። ሻጩ ወረቀቱ ላይ «የብረት መታሰቢያ» ብሎ ላከው። እሽጉ ከመድረሱ በፊት የክፍያ ማስታወቂያ መጣ፤ ታክሱ ብቻ 64 ፓውንድ፣ በዚያ ላይ የአጓጓዡ የአያያዝ ክፍያ 8 ፓውንድ። መክፈል የነበረብኝ ታክስ ግን 16 ፓውንድ ነበር። በአንዲት መስመር ጽሑፍ 48 ፓውንድ ሄደ ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ ሁለት ነገር ይመጣል፤ ቀረጥ እና ቫት። የሰብሳቢ ዕቃዎች በጉምሩክ ታሪፍ ምዕራፍ 97 ውስጥ ናቸው፤ ቀረጣቸው ዜሮ ነው። ቫቱ መደበኛው 20 በመቶ ነው፤ ለእነዚህ ዕቃዎች ግን ሲገቡ የሚሰላው በዋጋቸው ሩብ ላይ ስለሆነ በተግባር 5 በመቶ ይሆናል። ዋጋ ሲባል ማጓጓዣውንና ኢንሹራንሱንም ይጨምራል። ከላይ ያልኩት 320 ፓውንድ በ5 በመቶ 16 የሆነው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ለሻጩ ጻፉለት። ሳንቲም ከሆነ የታሪፍ ቁጥሩ 9705 ነው፣ ቴምብር ከሆነ 9704፣ ከ100 ዓመት በላይ የሆነው የብር መስቀል ደግሞ 9706 ውስጥ ይገባል። ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም። «የሰብሳቢ ሳንቲም፣ ኢትዮጵያ፣ 1 ብር፣ በ1887 ዓ.ም. የተመታ፣ በፈረንጆቹ 1894/95» ብሎ በእንግሊዝኛ እንዲጽፍ ንገሩት፤ ደረሰኙንም ከውጭ በኩል ይለጥፍ። ደህና ሻጭ ይህን ሲጠየቅ ቅር አይለውም። አልጽፍም ካለ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

ዓመተ ምሕረቱን ደጋግሜ የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ሳንቲሙን አገላብጣችሁ እዩት። ባንዱ ፊት ዘውድ የደፉት ምኒልክ፣ በሌላው አንበሳው። ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር ፲፰፻፹፯ ተብሎ ተጽፏል። የጉምሩክ ሠራተኛው ይህን ማንበብ አይችልም፣ ሻጩም ብዙ ጊዜ አያነበውም። ዓመቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ቢወስዱት በምኒልክ ብር ላይ ስህተቱ ብዙ አይጎዳም፤ እንዴትም ቢቆጠር ከ100 ዓመት በላይ ነው። ማቶና በሚባሉት የኃይለ ሥላሴ ሳንቲሞች ላይ ግን ተጠንቀቁ። የኃይለ ሥላሴ ማቶና ላይ ያለው ፲፱፻፳፫ በኛ አቆጣጠር ነው፣ በፈረንጅ 1930/31። ሻጩ «1923» ብሎ ካለፈው ገና 100 ያልሞላውን ሳንቲም 100 ዓመት ያለፈው አስመሰለው ማለት ነው። የ9705 ንዑስ ቁጥሮች ደግሞ ሳንቲሞችን የሚከፍሉት በዚሁ በ100 ዓመት ነው። ታክሱ ላይ ለውጥ ባይመጣ እንኳ በወረቀታችሁ ላይ የተሳሳተ ቃል መኖር የለበትም።

ከሁሉ የምታሳስተው ማርትሬዛ ናት፣ ጠገራ የምንላት። ሁሉም ላይ ማለት ይቻላል 1780 ተጽፏል። ብሩ ላይ ያለችው የኦስትሪያ እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ ያን ዓመት ከሞተች በኋላ ብሩ ያው 1780 እየተጻፈበት ሲመታ ኖሯል፣ ዛሬም ይመታል። የትናንቱም የአያቶቻችንም ጠገራ ያው 1780 ይላል። ስለዚህ ዓመቱን አይታችሁ «ጥንታዊ ነው» አትበሉ፤ መቼና የት እንደተመታ ከሻጩ በጽሑፍ ተቀበሉ። አዲሱ ምት የሰብሳቢ ዕቃ ነው ብሎ ማስመዝገብ ያስጠይቃል። የሰብሳቢ ዕቃ የሚባለው ብርቅ የሆነ፣ ለተሠራበት ሥራ የማይውል፣ ከተራው ገበያ ውጭ የሚሸጥና ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ያረጀ ሁሉ አይደለም።

አሁን ስለ 135 ፓውንዷ ወሰን። የዕቃው ዋጋ፣ ማጓጓዣ ሳይጨምር፣ 135 ወይም ከዚያ በታች ከሆነና በኢንተርኔት መገበያያ ከገዛችሁ፣ ቫቱ የሚቆረጠው እዚያው ስትከፍሉ ነው፣ እሱም 20 በመቶ። የ5 በመቶው ቅናሽ ዕቃው በጉምሩክ ሲገባ ለሚሰላው ቫት እንጂ ለዚህኛው አይሠራም። የ120 ፓውንድ ቴምብር ላይ 24 ትከፍላላችሁ፤ የ140ው ላይ ማጓጓዣው ሳይቆጠር 7 ብቻ፣ የአያያዙ ክፍያ ቢጨመርበት እንኳ ያንሳል። እዚያ የከፈላችሁበትን ደረሰኝ ግን አትጣሉ፤ በር ላይ ድጋሚ ከተጠየቃችሁ ማስረጃችሁ እሱ ነው።

«ስጦታ ብዬ ልላክልህ» የሚል ሻጭ አይጠፋም። እሺ አትበሉት። እስከ 39 ፓውንድ ከቫት ነጻ የሆነው እውነተኛ ስጦታ ነው፣ ሰው ለሰው የላከው። የገዛችሁትን ስጦታ ማለት የሐሰት መግለጫ ነው፤ ዕቃው ሊወረስ ይችላል። ዋጋውን አሳንሶ መጻፍም እንደዚያው ነው። እሽጉ ቢጠፋ ደግሞ ኢንሹራንሱ የሚያያችሁ በተጻፈው ዋጋ ነው፣ 300 ፓውንዱን 30 ካላችሁት 30 ነው የምትጠይቁት።

ብራናና የቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳት ላይ ግን ታክሱ ሁለተኛ ነገር ነው። አገራችን በ1992 ዓ.ም. ባወጣችው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። እንግሊዝም በ2003 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ በሕገወጥ መንገድ የወጣ ቅርስ መሆኑን እያወቁ መነገድን ወንጀል አድርጋለች። ሻጩ ከየት እንዳገኘው፣ መቼ ከኢትዮጵያ እንደወጣ በወረቀት ካላሳየ ተዉት። ርካሽ ቢሆንም፣ ቢያምርም ተዉት። የአንበሳ ጎፈር ወይም የዝሆን ጥርስ ያለበት ዕቃም የራሱ ፈቃድ ይፈልጋል።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም 20 በመቶ ቢጠየቅባችሁስ? ክፈሉና ዕቃውን ውሰዱ፤ ከዚያ ገንዘባችሁን አስመልሱ። በፖስታ ከመጣ ቅጹ ቢኦአር286 ነው፣ በፈጣን መልእክት ድርጅት ከመጣ ሲ285። ሳጥኑን ስትከፍቱ ቸኩላችሁ የክፍያውን ተለጣፊ እንዳትቀድዱት፤ ከማመልከቻው ጋር ያስፈልጋል። የሻጩን ደረሰኝ፣ የሁለቱን የሳንቲም ፊት ፎቶና የዓመቱን ትርጉም በአንዲት መስመር አያይዙ። እኔ ያን 48 ፓውንድ ሳላስመልስ የቀረሁት ተለጣፊውን ከሳጥኑ ጋር ስለጣልኩት ነው።