የንግግርና ቋንቋ ሕክምና ስናስተምር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት የአንድ ተማሪዬን ሪፖርት ሳነብ አንድ መስመር ላይ ቆምኩ። «ዕድሜ 4 ዓመት። በአንድ ቃል ብቻ ነው የሚናገረው» ይላል። ልጁ ያለው ከጎኑ በእርሳስ ተጽፏል፦ «አልነገረችኝም»።

እስቲ ይህችን «አንድ ቃል» ፍቱልኝ። መንገር አለ። ያልነገረችው ሴት መሆኗ አለ። የቀረበት እሱ ራሱ መሆኑ አለ። ከፊት «አል»፣ ከኋላ «ም» ብሎ አፍርሶታል። ይህን ሁሉ ያቀናበረን ልጅ «ገና አንድ ቃል ላይ ነው» ማለት ግፍ ነው። ጥፋቱ ግን የተማሪው አይደለም። ቃል ቁጠር ብለን የላክነው እኛ አስተማሪዎቹ ነን። የልጆችን ቋንቋ ያጠናው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሮጀር ብራውን እንኳ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናቱ ላይ የቆጠረው ቃላትን ሳይሆን ትርጉም የሚሸከሙትን ትንንሽ ክፍሎች ነበር። እሱም ቢሆን ያጠናው እንግሊዝኛ የሚናገሩ ልጆችን ነው።

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፦ የእንግሊዝኛ መመዘኛ ተርጉሞ ማስተማር። ጅማ ውስጥ ይህን ስንት ጊዜ እንደተናገርኩ አላውቅም። አሁንም እናገራለሁ። የእንግሊዝኛው የድምፅ መፈተሻ ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ የሉትም። ልጁ «ኳሴ ጠፋ» ለማለት ፈልጎ «ኳሴ ተፋ» ቢል የተተረጎመው ፎርም አይይዘውም። መጥበቅና መላላትንም አይጠይቅም። «ገና ነው» ስንል «ና» ከላላ ጊዜው አልደረሰም፤ ከጠበቀ በዓል ነው። ፊደላችን ይህን አያሳይም። ስለዚህ ተማሪው የሰማውን በፊደል ብቻ ከጻፈ የልጁ ስህተት ወረቀት ላይ ይጠፋል። ምልክት አድርጎ እንዲጽፍ ከመጀመሪያው ቀን አስለምዱት።

በዚያ ላይ እኛ ያለነው ጅማ ነው። ብዙው ልጅ አፉን የሚፈታው በአፋን ኦሮሞ ነው፣ አማርኛውን ከሰፈር ይቀላቅላል። በአፋን ኦሮሞ አናባቢ ሲረዝም ትርጉም ይቀየራል፤ «ለፋ» መሬት ነው፣ «ላፋ» ለስላሳ። አማርኛ የሌለው «ዸ» አለ። ይህን ሁሉ ትቶ በአማርኛ ብቻ መመዘን የልጁን ግማሽ አለመስማት ነው።

እኔም አድርጌዋለሁ። ማስተማር በጀመርኩ ሰሞን ተማሪዎቼ ፊት አንድ ልጅ መዘንኩ። የላም ሥዕል አሳይቼ «ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት። ዝም። ወንበሩን፣ ጫማውን፣ ድመቷን ጠየቅሁት። ዝም። «የቃላት ክምችት በጣም ዝቅተኛ» ብዬ ጻፍኩ። እናቱ ይዛው ስትወጣ በሩ አጠገብ ሣር የምትግጥ ላም አየ። «ሰአ!» አለና፣ በአፋን ኦሮሞ ላም ማለት ነው፣ እየጎተታት አንድ ሙሉ ወሬ አወራላት። ተማሪዎቼ ሁሉ ሰሙ። ሪፖርቱን ቀደድኩት። እናትየውን ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅሁ፣ እንደገና በሁለቱም ቋንቋ ጀመርን።

መፍትሔው ጊዜ ይፈልጋል እንጂ አይከብድም። በሁለቱም ቋንቋ ልጆች ቤት ውስጥ የሚያውቋቸውን ዕቃዎች ሰብስቡ። እያንዳንዱ ድምፅ በቃሉ መጀመሪያ፣ መሃልና መጨረሻ የሚገኝበትን ዝርዝር ሥሩ። ከዚያ ችግር የሌለባቸውን የሰፈር ልጆች አስቀድማችሁ ስሙ። ጤነኛውን ያልሰማ ተማሪ ችግሩን አይለይም።

መስማቱ ሳይመረመር የንግግር ሕክምና የተጀመረለት ልጅ ካያችሁ ተማሪውን መልሱት። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ሌላው ቤተሰብን መቆጣት ነው። እናት «እንጥሉን አስቆርጬዋለሁ» ወይም «ምላሱ ታስሮ ነው አሉኝ» ስትል ተማሪው ፊቱን ካጨማደደ ሁለተኛ እውነቱን አትነግረውም። እንጥል ማስቆረጥ ጎጂ ነው፤ ደም ያፈሳል፣ ያመረቅዛል፣ የዘገየ ንግግርንም አያስተካክልም። ይህን ግን መጀመሪያ አዳምጦ፣ በኋላ ቀስ ብሎ ማስረዳት ይቻላል። «አፉን እንዲፈታልኝ ብዬ ነው» ብላ የመጣች እናት ወቀሳ አይገባትም።

ሥራችን መዋጥንም ይጨምራል። የመዋጥ ችግርን በስላይድ ብቻ አታስተምሩ። በስትሮክ የታመመ ሰው ምግብ ወደ ሳንባው እየገባ ምንም ትን ላይለው ይችላል። «ስላላሳለ ደህና ነው» የሚል ተማሪ ሰው ይጎዳል። የታካሚው ድምፅ ከጉርሻ በኋላ ውኃ የያዘ ይመስል እንደሆነ ተማሪው በጆሮው ይስማ። ተጋድሞ የሚጎርስ ታካሚ ካየ ቀና ያድርገው።

ለመዋጥ ችግር ትምህርት የምወደው የክፍል ልምምድ የአጥሚት ነው። ዓለም አቀፉ የምግብና መጠጥ ውፍረት መለኪያ ከ0 እስከ 7 ደረጃ አለው። 10 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ሲሪንጅ ያለ መርፌና ያለ መግፊያው ትወስዳላችሁ። ከ0 እስከ 10 ያለው መስመሩ 61.5 ሚሊ ሜትር መሆኑን በማስመሪያ ለኩ፣ ሁሉም ሲሪንጅ አይሆንም። ጫፉን በጣት ዘግታችሁ እስከ 10 ሙሉት፣ ለ10 ሰከንድ ልቀቁት፣ መልሳችሁ ዝጉት። ሲሪንጁ ውስጥ ከ1 ሚሊ ሊትር በታች ከቀረ ቀጭን ነው፣ ደረጃ 0። ከ1 እስከ 4 ከቀረ ደረጃ 1፣ ከ4 እስከ 8 ደረጃ 2፣ ከ8 በላይ ቀርቶ ጥቂት ከፈሰሰ ደረጃ 3። ተማሪዎቹ ከየቤታቸው አጥሚት ሲያመጡ የአንዱ እንደ ውኃ ይፈስሳል፣ የሌላው ከሲሪንጁ ንቅንቅ አይልም። «አጥሚት ስጡት» ብሎ ማዘዝ ለምን እንደማይበቃ ያኔ ይገባቸዋል።

የሚንተባተብን ልጅ «ረጋ በል» አትበሉ። ተማሪዎቻችሁም እንዳይሉ።

ስለ ሥራው ራሱ ደግሞ ለወጣቶቹ አንድ ነገር ልበል፣ ስለምወዳችሁ ነው። ለማዕረግ ዕድገት ብላችሁ በኢሜይል «ከፍላችሁ በአንድ ሳምንት አሳትሙ» ለሚሉ መጽሔቶች ጽሑፋችሁን አትስጡ። ስማችሁ አንዴ ከገባ አይወጣም። ያለ ፈቃድ የታካሚ ድምፅ አትቅረጹ፣ ለትምህርት ቢሆንም። ሌክቸረር ስትሆኑም ከታካሚ አትራቁ፤ በሳምንት ግማሽ ቀን ይበቃል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚታወቀው ተማሪውን ወደ ማኅበረሰቡ በሚያወጣ ትምህርቱ ነው። ነገር ግን መጠይቅ ሞልቶ መመለስ ብቻውን ዋጋ የለውም። በሴሚስተሩ መጨረሻ ወደዚያው ቀበሌ ተመለሱና ያገኛችሁትን ንገሯቸው።

ከልጅ ጋር ስትሠሩ ደግሞ ከጠረጴዛ ጀርባ አትቀመጡ። እኔ ክፍሌ ውስጥ ሁለት የጅማ በርጩማ አለኝ። ዝቅ ያሉ ናቸው፣ ዓይናችን እኩል ይሆናል። ልጁ አፌን ያያል፣ እኔም የእሱን።