በመጫወቻ ታንክና ጀልባ ሥራ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

በትናንሽ ታንክ፣ ጀልባና ወታደር ጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ የምንጫወት ሰዎች ነን። ባለፈው ሳምንት አንድ ጀማሪ ታንክ ይዞ መጣ። ቆንጆ ታንክ ነው። ቀለሙ ተለፍቶበታል፣ ሰንሰለቱ ላይ ያለው ጭቃ ሳይቀር በብሩሽ ተሠርቷል። ጠረጴዛው ላይ ሲያሰልፈው ግን የራሱ ወታደሮች ከሰንሰለቱ በላይ ማየት አቃታቸው። ማንም አልሳቀበትም፤ ሁላችንም ላይ ደርሷል።

እንግዲህ ስለ ስኬል ለመቶኛ ጊዜ ልናገር። 1/72 ማለት እውነተኛው ከመጫወቻው 72 እጥፍ ይረዝማል ማለት ነው። ሸርማን የሚባለው የአሜሪካ ታንክ 5.84 ሜትር ይረዝማል። በ1/72 ሲሠራ 81 ሚሊሜትር ነው፣ በ1/56 104፣ በ1/35 ደግሞ 167። ሳጥኑ ላይ ያለው ሥዕል ግን በሦስቱም ላይ ያው ሸርማን ነው። ሰው ሥዕሉን አይቶ ይገዛል፣ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ቁጥር አያነብም።

ነገሩን የሚያወሳስበው ይሄ 28 ሚሊሜትር የሚባለው ነው። ስኬል አይደለም፤ የወታደሩ ቁመት ነው። እሱንም አንዱ አምራች ከእግር እስከ ዓይን ይለካዋል፣ ሌላው እስከ አናት። ለዚህ ነው ለ28 ሚሊሜትር ወታደር አንዱ 1/56 ታንክ ሲያሰልፍ ሌላው 1/48 የሚያሰልፈው። ሁለቱም ያስኬዳል። ወታደሩን ከእግሩ ሥር የተጣበቀው መቆሚያ ከፍ ያደርገዋል፣ ሲቀረጽም ደንደን ተደርጎ ስለሆነ 1/48 አጠገቡ ብዙም ግዙፍ አይመስልም። የማያስኬደው ሁለቱን በአንድ ጦር ውስጥ መቀላቀል ነው። ሁለት ሸርማን ጎን ለጎን ቆመው አንዱ የሌላው ልጅ ሲመስል ዓይን ይረበሻል።

ከልጆች መጫወቻ መሃል የምትለቅሟቸው መኪኖች ደግሞ የባሱ ናቸው። ብዙዎቹ በአንድ ልክ ሳጥን እንዲገቡ ተደርገው ስለሚሠሩ ከባድ መኪናውም ጂፑም እኩል ይሆናሉ። መፍትሔው ማስመሪያ ነው። የዊሊስ ጂፕ ርዝመት 3360 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በእጃችሁ ያለው 78 ሚሊሜትር ከሆነ አካፍሉት፤ 43 ይመጣል። ለ1/56 ጦራችሁ አይሆንም ማለት ነው። ይህን ሒሳብ ከመግዛታችሁ በፊት ሥሩ። ከገዛችሁ በኋላማ ልብ ራሷን ታሳምናለች፣ «ምንም አይልም፣ ይመሳሰላል» ትላለች።

ዓመቱንም እዩ። ታይገር የሚባለው የጀርመን ታንክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተዋጋው እ.ኤ.አ. 1942 ላይ ነው። የ1941 ውጊያ ላይ ሦስት ታይገር የሚያሰልፍ ሰው ሁሌም አይጠፋም፣ ሁሌም ይከራከራል።

ማጣበቂያ ላይ ልምጣ። የፕላስቲክ ማጣበቂያ የሚሠራው ፕላስቲኩን ትንሽ አቅልጦ እርስ በርስ በማዋሃድ ነው። ጠንካራው የኪት (ተገጣጥሞ የሚሠራ መጫወቻ) ፕላስቲክ ላይ ግሩም ነው። ሬዚን (በቅርጽ ማውጫ ፈስሶ የሚጠነክር ሙጫ መሰል ነገር) እና ብረት ላይ ግን ምንም አያደርግም፤ እዚያ ሱፐር ግሉ ነው። እነዚያ የሚተጣጠፉ ለስላሳ ወታደሮች ላይ ደግሞ ሁለቱም በቅጡ አይዙም። በመርፌ ብሱና ሽቦ አስገቡ። መስኮትና የመኪና የፊት መስታወት ላይ ሱፐር ግሉ እንዳታስጠጉ። ትነቱ መስታወቱን ያደበዝዘዋል፣ በቀላሉም ተመልሶ አይጠራም። ለእሱ ነጭ ኮላ በቂ ነው።

ሬዚን ከመቀባታችሁ በፊት በሳሙና እጠቡት፤ ከቅርጽ ማውጫው የቀረ ቅባት አለበት። በብርጭቆ ወረቀት ስትፈትጉትም በውሃ አርሳችሁ፣ ማስክ አድርጋችሁ ይሁን። ብናኙ ለሳንባ ጥሩ አይደለም።

በእርጥበት ቀን ቫርኒሽ አትርጩ። ነጭ ጉም ለብሶ ታገኙታላችሁ።

አሁን እኔ ራሴ ለዓመታት የተሳሳትኩት። የመጀመሪያዎቹን ታንኮች የሠራሁት ለመደርደሪያ እንደሚሠራ ሰው ነው። ፀጉር የምታክል አንቴና፣ ከጎን የተንጠለጠለች አካፋ፣ እጀታዎቹ አንድ በአንድ በቀጭን ሽቦ። አንድ ማታ በተጫወትን ቁጥር አንድ ነገር ይረግፋል። መጫወቻ ታንክ በአንድ ጨዋታ ብቻ ሃያ ጊዜ ይነሳል፣ ይቀመጣል፣ ይገፋል። ሰው ደግሞ ታንክ የሚያነሳው በአፈሙዙ ነው፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። አሁን አፈሙዙን ከሥሩ ሰርስሬ ብረት ሽቦ አስገባበታለሁ። አንቴና የለም። መድፉን የተሸከመውን፣ የሚዞረውን የታንኩን አናት አላጣብቀውም፣ በማግኔት ነው የማስይዘው። ማግኔት ስታስገቡ ግን የትኛው ፊት የትኛውን እንደሚስብ ማጣበቂያው ሳይደርቅ ሁለቴ ሞክሩ። የሚገፋፉ ማግኔቶች ያሉት አንድ ታንክ አለኝ፤ አናቱ ቁጭ አይልም፣ እንደ እንቁራሪት ይዘላል።

አሮጌ ነገር የምትሰበስቡ፦ በዚንክ የተሠሩ ጥንታዊ መጫወቻ መኪኖች ላይ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ስንጥቅ ካያችሁ ተዉት። ብረቱ ሲቀልጥ እንደ እርሳስ ብረት (ሊድ) ያለ ባዕድ ነገር ተቀላቅሎበት ከውስጥ እየፈረሰ ነው፤ ማጣበቂያም ቀለምም አያድነውም። ጤነኛ ከሆነ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ለማሳመር ብላችሁ የጥንቱን ቀለም አትፋቁ። የድሮ ኪቶች ለስላሳ ሰንሰለትም ጠንካራው ፕላስቲክ ላይ ለዓመታት ሲተኛ የታንኩን የፕላስቲክ ጎማዎች ያቀልጣቸዋል። ሳጥን ውስጥ ለይታችሁ አስቀምጡ።

ጀልባ ላይ ስህተቱ የሚጀምረው ከታች ነው። ጠረጴዛ ጠፍጣፋ ነው፤ የጀልባው ሆድ ደግሞ ሹል ነው። ሙሉውን ሆድ ሠርታችሁ ስታስቀምጡት በጎኑ ይተኛል። ውሃው የሚደርስበት መስመር ላይ ቁረጡት፣ ከሥሩ ቀጭን ፕላስቲክ ለጥፉ፣ አለቀ።

ቀጥሎ መቆሚያው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ውስጥ ኖርማንዲ ላይ ወታደር ያራገፈችው የሂጊንስ ጀልባ 11 ሜትር ገደማ ርዝመት፣ 3.3 ሜትር ወርድ አላት፤ 36 ሰው ትጭናለች። በ1/56 ወርዷ 59 ሚሊሜትር ይሆናል። ወታደሮቻችሁ 25 ሚሊሜትር መቆሚያ ላይ ከሆኑ ሁለቱ ጎን ለጎን 50 ያዙ። የግድግዳውን ውፍረት ቀንሱ። ከኋላ ሞተሩ ያለበትንም ቀንሱ። 36ቱ ቀርተው ስድስቱ ከገቡ እልል በሉ። ስለዚህ የጀልባውን ወለል ከማጣበቃችሁ በፊት ወታደሮቹን ከነመቆሚያቸው አስገብታችሁ ለኩ።

የመጨረሻው ሁለት ዓመት ቆይቶ የደረሰብኝ ነው። ጀልባዬ ቀላል ስለነበረች ጠረጴዛው በተነካ ቁጥር ትንሸራተት ነበር። ሆዷ ውስጥ የእርሳስ ጥይት ፍሬዎች ሞላሁ፣ ነጭ ኮላ አፈሰስኩበት፣ ከላይ ዘጋሁት። እንደ አለት ቁጭ አለች፣ ኮራሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሳጥኑን ስከፍት ወለሉ ወደ ላይ አብጦ፣ ጎኗ ተተርትሮ፣ ከስንጥቁ ነጭ ዱቄት እየወጣ አገኘኋት። አይጥ መስሎኝ ነበር። ለካ ኮላው ሲደርቅ የኮምጣጤ አሲድ ያወጣል፤ መውጫ ሲያጣ እርሳሱን ይበላዋል። የተበላው እርሳስ ወደ ዱቄት ይለወጣል፣ ዱቄቱ ደግሞ ከብረቱ የሰፋ ቦታ ይፈልጋል። መርዝም ነው፤ እፍ ብላችሁ እንዳታባርሩት፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

አሁን ጀልባዎቼ ውስጥ የብረት ሮንዴላና ዳዶ ነው የምከተው፣ ሱፐር ግሉ ጠብ አድርጌ። ያቺን የፈነዳችውን ጀልባ አልጣልኳትም። ጎኗን ጥቁር ቀብቼ በመድፍ የተመታች አድርጌያታለሁ፤ በየጨዋታው ዳርቻው ላይ ተሰብራ ትቆማለች።