ህልም ሳይቀነስ ሩጫ እንዴት ይቀነሳል

ይሄን የምጽፈው ጎንደር ላይ ቀን ቢሮ እየሰሩ ማታ ማስተርስ ለሚማሩ፣ ቅዳሜና እሁድ ደሞ ትንሽ ንግድ ነገር ለሚሞክሩ፣ በመሀል እንግሊዝኛ ፈተና ተፈትነው ስኮላርሺፕ ለመሞከር ለሚያስቡ ሰዎች ነው። ማራኪም ሂዱ አዘዞም ሂዱ እንዲህ አይነት ሰው ሞልቷል፣ ጎበዞች ናቸው፣ ግን ባገኛችኋቸው ቁጥር ደክሟቸዋል፣ እንዴት ነው ስትሏቸው "ኧረ አንዱንም አልጨረስኩም" ነው መልሳቸው። ምክር ሲጠይቁ ደሞ ሁለት አይነት ነው ሚሰጣቸው፣ ወይ "በርታ፣ ወጣትነት ያልፋል፣ እንቅልፍ ምን ያደርግልሃል" ወይ "ተወው፣ ያለህ ይበቃሃል፣ ጤና ይበልጣል"። የመጀመሪያው ሰው ይሰብራል፣ ሁለተኛው ደሞ ህልም ያላትን ልጅ ህልምሽን ጣይ እንደማለት ነው። እኔ ሙሉ በሙሉ የማምንበት መንገድ ህልሙን እዛው ከፍታው ላይ ትቶ በአንድ ጊዜ የሚያዘውን ነገር ብዛት መቀነስ ነው። እንዴት እንደሚደረግ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ወረቀት አምጡና የያዛችሁትን ሁሉ ጻፉት። ስራና ትምህርት ብቻ አይደለም፣ የዕቁብ ጸሀፊነት፣ የማህበር ተራ፣ የእህት ሰርግ፣ "ልጀምረው ነው" ብላችሁ ስድስት ወር ያስቀመጣችሁት የዩቲዩብ ቻናል፣ ያልተጀመረውም ይጻፍ ምክንያቱም ያልተጀመረ ነገርም ጭንቅላት ውስጥ ቦታ ይይዛል። ከዛ የእንጀራ ስራችሁን ለብቻው አስምሩበት፣ እሱ አይነካም። ቀሪው ላይ ነው የምንሰራው።

አሁን ሂሳቡን እንስራው። ሶስት ነገር አላችሁ እንበል፣ የመመረቂያ ጽሁፍ፣ ባልትና መጀመር፣ እና የእንግሊዝኛ ፈተና ዝግጅት፣ እያንዳንዱ ለብቻው ቢሰራ 2 ወር ይፈጃል። አንድ በአንድ ከሄዳችሁ ጽሁፉ በ2ኛው ወር ያልቃል፣ ባልትናው በ4ኛው፣ ፈተናው በ6ኛው። ሶስቱንም በየቀኑ እየቆራረሳችሁ ከሰራችሁ ግን ሶስቱም ሚያልቁት 6ኛው ወር አካባቢ ነው። የመጨረሻው አልፈጠነም፣ ሁለቱ ግን ያለ ምክንያት ዘገዩ። ያውም ከአንዱ ወደ አንዱ መዝለል ምንም አያስከፍልም ብለን ነው፣ እውነቱ ግን ያስከፍላል፣ ሶፊ ሌሮይ የምትባል ተመራማሪ በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጥናት ሰው አንድ ስራ ሳይጨርስ ወደ ሌላ ሲዞር ሀሳቡ ከፊሉ የተወው ስራ ላይ እንደሚቀርና አዲሱን ስራ ደካማ አድርጎ እንደሚሰራ አሳይታለች። ስለዚህ የሚሮጠው ሰው የዘገየው ሰው ሆኖ ይገኛል፣ ይሄ ለኔ ትልቅ ነገር ነው፣ ፍጥነት ቀንሱ ስላችሁ ቶሎ እንድትጨርሱ ብዬ ነው።

የትኛው ይቅደም? አንዱ ሲያልቅ ሌሎቹን የሚያቀልላችሁ ካለ እሱ ይቅደም። ጽሁፉ ካለቀ ዲግሪው ይመጣል፣ ዲግሪው ከመጣ ለስኮላርሺፑም ለደሞዙም ይጠቅማል፣ ስለዚህ ይቅደም። ሰው ብዙ የሚያወራበትን ወይም አሁን ሞቅ ያለላችሁን አትምረጡ።

ቀሪዎቹን አትሰርዟቸውም፣ ወቅት ትሰጧቸዋላችሁ። የኛ ዓመት ለዚህ ይመቻል፣ ከመስከረም እስከ ገና አንድ ወቅት፣ ከጥምቀት በኋላ እስከ ፋሲካ ሌላ፣ ከፋሲካ እስከ ሰኔ መጨረሻ ሶስተኛ፣ ክረምቱ ለብቻው። ለአንድ ወቅት አንድ ትልቅ ነገር፣ በቃ። ጎንደር ላይ ደሞ ጥር የራሱ ጸባይ አለው፣ ከጥር 10 ከተራ ጀምሮ ከተማው ሌላ ከተማ ነው የሚሆነው፣ ፔንሲዮን ያለው፣ ባጃጅ የሚነዳው፣ ፎቶ የሚያነሳው፣ ምግብ የምታዘጋጀው ሁሉ ስራው ያኔ ነው፣ ስራው ባይሆንም ዘመድ ከአዲስ አበባ ይመጣል ቤቱ ይሞላል፣ ፍራሽ ከጎረቤት መዋስ ይጀመራል። በዛ ሳምንት ምዕራፍ ሶስትን እጨርሳለሁ ማለት ራስን ማስቀየም ነው፣ ከጥር 8 እስከ 13 ያለውን ባዶ ተዉትና በዓሉን በሙሉ ልብ አክብሩ። ሙስሊም ከሆናችሁ ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ስለሚቀድም የአምናውን እቅድ መገልበጥ አይሰራም፣ መጀመሪያ ረመዳንና ኢዱን ካላንደሩ ላይ አስቀምጡ፣ ሌላውን በዙሪያው።

አሁን ዋናው። ለአንዱ የተመረጠ ነገር እንዴት ነው የሚሰራው? ለዚህ ምሳሌ ከሩቅ ማምጣት አያስፈልገንም፣ የሊቃውንት ከተማ ውስጥ ነን፣ የአቋቋም ትምህርት፣ ማለት የማህሌት ዜማና ዝማሜው፣ ሲነሳ የጎንደር በዓታ ቤተክርስቲያን ነች የምትጠራው። እኔ ግን የቅኔ ተማሪውን ነው ማየት ምፈልገው። የዚህ ልጅ ህልም ትንሽ አይደለም፣ በግዕዝ ማንም ያላለውን አዲስ ቅኔ ሰምና ወርቅ አድርጎ ሊቃውንት ፊት ቆሞ መዝረፍ ነው የሚፈልገው፣ ከዚህ በላይ ትልቅ ፍላጎት ንገሩኝ እስቲ። ግን በመጀመሪያው ቀን መወድስ የሚባለው ረዘም ያለ ቅኔ አይሰጠውም። 2 ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ነው የሚጀምረው፣ ከዛ 3 ቤት ያለው ዘአምላኪየ፣ እየጨመረ እየጨመረ 8 ቤት ያለው መወድስ ጋ ይደርሳል። ቀን ለብቻው ገለል ብሎ ዛፍ ስር ቅኔውን ሲቆጥር፣ ማለት በሀሳቡ ሲያወጣ ሲያወርድ፣ ይውላል፣ ከዛ መጥቶ ለየኔታ ይነግራል፣ የተበላሸውን የኔታ ያርሙለታል፣ ነገም እንደዛው ነው፣ ያኛው ሳይደላደል ወደሚቀጥለው አይታለፍም። ዓመታት ይፈጃል፣ ማንም ግን ይሄን ልጅ ህልም የለውም አይለውም።

እዚህ ውስጥ ልንወስደው የሚገባ ነገር አለ። ጉባኤ ቃና የመወድስ ቁራጭ አይደለም፣ አጭር ይሁን እንጂ ሙሉ ቅኔ ነው፣ መጀመሪያና መጨረሻ አለው፣ ሰምና ወርቅ አለው። ብዙዎቻችን ግን ትልቁን ነገር እንቆርሰውና የማይበላ ቁራሽ እናወጣለን፣ "ዛሬ ለባልትናው ስም አሰብኩ፣ ነገ ሎጎ አሰራለሁ፣ ከነገ ወዲያ የንግድ ፈቃድ እጠይቃለሁ" እያሉ ሶስት ወር አንድም ብር አንድም ደንበኛ የለም። ሙሉና ትንሽ የሚሆነው እንዲህ ነው፦ አንድ እቃ ብቻ ያዙ፣ ለምሳሌ ሽሮ፣ በርበሬ አይደለም ምክንያቱም በርበሬ ብዙ ገንዘብ ይይዛል፣ መቀንጠስ፣ ማድረቅ፣ መደለዝ አለው። ቅዳሜ ገበያ ሂዳችሁ እህሉን ግዙ፣ ቁሉት፣ ከክታችሁ ቅመሙን ጨምራችሁ ወፍጮ ቤት ውሰዱት፣ በግማሽ ኪሎ አሽጉትና ለመስሪያ ቤት ሰውና ለጎረቤት ሽጡት። የእህሉን፣ የወፍጮውን፣ የባጃጁን፣ የፌስታሉን፣ የራሳችሁንም ድካም ጻፉት። ከሳምንት በኋላ የገዙትን እየዞራችሁ ጠይቁ፣ ጨው በዛ? ቅመሙ ተሰማ? ድጋሚ ትገዣለሽ? ያ አንድ ሙሉ ነገር ነው። በሚቀጥለው ወር ያንኑ ሽሮ አሻሽላችሁ ድገሙት፣ ሲደላደል ነው በርበሬው የሚመጣው። የመመረቂያ ጽሁፍ ከሆነም እንደዛው፣ "ምዕራፍ ሁለት" ብላችሁ ተራራ አታቁሙ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዞ መልሱን የሚሰጥ ሁለት ገጽ ጻፉ፣ ለብቻው ቢነበብ ትርጉም የሚሰጥ።

ከቅኔ ተማሪው የምንወስደው ሁለተኛው ነገር የኔታ ነው። የሚሰማችሁና የሚያርማችሁ ሰው ያስፈልጋችኋል፣ "አሪፍ ነው በርቺ" የሚል ጓደኛ አይደለም፣ በሳምንት አንዴ የሰራችሁትን አይቶ "እዚህ ጋ አልገባኝም" የሚል ሰው። አማካሪያችሁ ስራ በዝቶበት ካልተገኘ ካንድ ዓመት በፊት የጨረሰ ሰው ፈልጉ፣ ለባልትናው ሰፈር ውስጥ እጇ የታወቀች እትዬ አትጠፋም፣ ሽሮውን ይዛችሁ ሂዱና ቅመሱልኝ በሏቸው።

ሰዓት ላይ እኔ በቀን ሁለት ሰዓት ነው ምመክረው፣ ግን በእርግጥ ሁለት ሰዓት። ከሌሊቱ 11 እስከ ጠዋቱ 1 ጥሩ ነው፣ በአርባ አራቱ ታቦት ከተማ በዛ ሰዓት መነሳት ብርቅ አይደለም፣ ስልክም አይጮህም። ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁ ውሃው የሚመጣበትን ሌሊት አታስቡት፣ በርሜል እየሞሉ ጽሁፍ አይጻፍም። ትንሽ ልጅ ያላት እናት ደሞ ይሄ አይሆንላትም፣ እሷ ከባሏ ጋር ቁጭ ብላ ተነጋግራ ቅዳሜ ከሰዓት የአራት ሰዓት ጊዜ ትውሰድ፣ ልጁን እሱ ይይዛል፣ ይሄ ውለታ አይደለም፣ የቤቱ እቅድ ነው።

ከሌሊቱ 11 ለመነሳት ማታ 4 ሰዓት መተኛት አለባችሁ፣ ያ 7 ሰዓት ነው፣ ለአዋቂ ሰው የሚመከረው ደሞ ቢያንስ 7 ነው። ማታ ክፍል አምሽታችሁ የገባችሁበት ቀን ማግስት ሌሊት አትነሱ፣ ዝለሉት። ለፈተና የምታጠኑም ብትሆኑ በአንድ ሌሊት ከማጨናነቅ በቀናት ከፋፍሎ ማጥናት የተሻለ እንደሚይዝ የማስታወስ ነገርን ካጠናው ከኸርማን ኤቢንግሃውስ የ1885 እ.ኤ.አ. ስራ ጀምሮ የታወቀ ነው፣ ከዛ ወዲህ በተደጋጋሚ ተፈትኖ ያው ሆኖ ነው የተገኘው።

ይሉኝታው ነው ከባዱ። ሰው ስራ ሲሰጣችሁ እምቢ ማለት አትችሉም፣ በተለይ የሚሰጣችሁ ታላቅ ከሆነ። ግን እምቢ ሳይሉም መንገድ አለ፣ ቀን መስጠት ነው። "ጋሼ፣ እኔን ማሰብዎን አከብራለሁ፣ እስከ ፋሲካ ግን የጀመርኩትን መጨረስ አለብኝ፣ ከፋሲካ በኋላ እኔው ራሴ እደውልልዎታለሁ" በሉ፣ ከዛ በእውነት ደውሉ፣ ካልደወላችሁ በሚቀጥለው ማንም አያምናችሁም። ማህበር አትቅሩ፣ ግን ጸሀፊ ወይ ገንዘብ ያዥ ሁኑ ሲሏችሁ ለዚህ ዓመት ይለፈኝ በሉ። ለቅሶ ላይ ግን ምንም ስሌት አታስገቡ። ሰው ሲሞትበት ሂዱ፣ ቁጭ በሉ፣ ያ ቀን የጠፋ ቀን አይደለም።

ይሄ ሁሉ ለደላው ነው የምትሉ ትኖራላችሁ፣ ታናናሾች የምታስተምሩ፣ ለእናታችሁ በየወሩ የምትልኩ፣ ልክ ናችሁ። ሁለተኛው ስራ ዳቦ ከሆነ እሱም የእንጀራ ስራ ውስጥ ይግባ፣ አይቆረጥም። እናንተ የምትቀንሱት ከዛ በላይ ያለውን ነው፣ ሰዓታችሁም በቀን ሁለት ሳይሆን በሳምንት ሶስት ሊሆን ይችላል፣ ይሁን፣ ወቅቱን አስረዝሙት እንጂ ህልሙን አትንኩት። ዕቁብ ሲደርሳችሁ ደሞ በሙሉ አዲስ ነገር ላይ አታውሉት፣ የሁለት ወይ የሶስት ወር ወጪ አስቀምጡ፣ የማይረባ ተጨማሪ ስራ ሲመጣ ይቅርብኝ ለማለት አቅም የሚሰጣችሁ እሱ ነው።

በሳምንት አንድ ቀን ምንም አትስሩ፣ እሁድ ወይም የራሳችሁ ቀን። ከፒያሳ በጃንተከል ዋርካ አድርጋችሁ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ድረስ በእግር ሂዱ፣ ጉልበት ካለ የቁስቋምን ዳገት ወይ ጎሃን ውጡ። እናታችሁ ቡና ስታፈላ አቦሉን ጠጥታችሁ አትነሱ፣ እስከ በረካ ቆዩ። የሰው ምርቃት፣ የሰው ቪዛ፣ የሰው መኪና እያያችሁ የምትቸኩሉ ከሆነ ደሞ ቢያንስ እስከ ወቅቱ መጨረሻ ፌስቡኩን ከስልኩ አውጡት።

እቅድ ስታወጡ የገመታችሁትን ጊዜ በግማሽ ጨምሩበት፣ 2 ወር ያላችሁትን 3 በሉት። ሰው የራሱን ስራ ሲገምት አሳንሶ እንደሚገምት የስነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ካነማንና ትቨርስኪ በ1979 እ.ኤ.አ. የጻፉት ነገር ነው፣ እኛ ጋ ደሞ መብራት መጥፋት አለ፣ ኔት መጥፋት አለ፣ መንገድ መዘጋት አለ፣ ያለፉት ዓመታት ምን እንደሚመስሉ ሁላችንም እናውቃለን። ኔት ሲኖር የምታነቡትን ሁሉ አውርዳችሁ ፍላሽ ላይ አስቀምጡ፣ ዋና ዋናውን ፕሪንት አድርጉ፣ ጽሁፋችሁን ሁለት ቦታ ያዙ። ከናንተ ውጭ በሆነ ነገር ለጠፋ ሳምንት ራሳችሁን አትውቀሱ፣ ለማካካስም ሌሊቱን ሙሉ አትቀመጡ፣ የጨመራችሁት ጊዜ ለዚህ ነው የተቀመጠው።

ዝግታው ወደ መተው እንዳይዞር ግን መቆጣጠሪያ ያስፈልጋል። በየወሩ መጨረሻ "ምን ጨረስኩ" በሉ፣ ምን ያህል ደከምኩ አይደለም። ትንሽም ብትሆን አንድ ሙሉ ነገር ለሰው ከደረሰ በትክክለኛው ፍጥነት ላይ ናችሁ፣ ሌላ ሰው የፈለገውን ይበል። ሀገር ሰላም ሆኖ፣ ጤና ሆናችሁ፣ ሁለት ወር ተከታታይ ባዶ ካለፈ ግን የያዛችሁት ቁራጭ ትልቅ ሆኗል ማለት ነው፣ እንደ የኔታ ከያዛችሁት ሰው ጋር ተቀምጣችሁ በግማሽ አሳጥሩት፣ የምታስረክቡበትንም ቀን እዛው ቁረጡ።