ባልተላገ ጣውላ የጓሮ ዕቃ ቤት ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ያልተላገ ጣውላ ለጓሮ ዕቃ ቤት ግድግዳ በጣም ተስማሚ ነው። ከተላገው ወፈር ይላል። ዋጋውም አብዛኛውን ጊዜ ይቀንሳል። መጋዝ የሄደበት ሻካራ ፊቱ ደግሞ ዘይትና ቀለም ጠጥቶ ይይዛል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚሸጠው በቅጡ ሳይደርቅ ነው። ግድግዳ ላይ ከተመታ በኋላም ይደርቃል፣ ይጠባል፣ ዝናብ ሲያገኘው መልሶ ያብጣል። በዚህ ሥራ ከሚያጋጥሙት ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ካለማሰብ የሚመጡ ናቸው።

እርጥብ ጣውላን አጥብቆ መግጠም

እንጨት ሲደርቅ በቁመቱ እምብዛም አያጥርም። የሚቀንሰው በወርዱ ነው። 20 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው እርጥብ ጣውላ ሲደርቅ 1 ሳንቲሜትር ያህል ሊጠብ ይችላል። ስለዚህ ዛሬ ጠርዝ ለጠርዝ አጋጥመው የመቷቸው ጣውላዎች ከወራት በኋላ ይራራቃሉ። በመካከላቸው ብርሃን ይገባል፤ ዝናብም ተከትሎ ይገባል።

ጊዜ ካለዎት ጣውላውን ያድርቁት። ከመሬት ከፍ አድርገው ይከምሩት፤ በየመደዳው መካከል ቀጫጭን እንጨት ያስገቡ። ላዩን ከዝናብ ይሸፍኑ፤ ጎኑን ግን ለነፋስ ክፍት ይተዉት። በላስቲክ ዙሪያውን መጠቅለል ሻጋታ መጥራት ነው። የቆየው የአናጺዎች ልምድ ለ2.5 ሳንቲሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ይላል። ዓመት መጠበቅ ካልቻሉ ሽፋኑን ለመጥበብ እንዲመች አድርገው ይሥሩት። እኔ የምመርጠው ጣውላውን በቁም አቁሞ፣ በየመሃሉ 1 ሳንቲሜትር ያህል ክፍተት ትቶ፣ ክፍተቱን ከ6 እስከ 7 ሳንቲሜትር ስፋት ባለው ቀጭን ጣውላ መሸፈንን ነው። ዋናው ጣውላ ቢጠብም መሸፈኛው ክፍተቱን ደብቆ ይቆያል።

ሁለቱንም ጠርዝ በምስማር መያዝ

ይህ ከሁሉም በላይ ጣውላ የሚያበላሽ ስህተት ነው። በሁለቱም ጠርዝ የተመታ ሰፊ ጣውላ መጥበብ ሲፈልግ መላወሻ የለውም። ምስማሮቹ አይለቁትም፤ ስለዚህ መሃል ለመሃል ይሰነጠቃል።

ጣውላው በቁም ከሆነ በእያንዳንዱ ማገር ላይ አንድ ምስማር መሃሉ ላይ ይበቃዋል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ አይዋጥለትም፤ ጠርዞቹ ይነሳሉ ብሎ ይሰጋል። ጠርዞቹን የሚይዛቸው ግን ከላይ የሚመታው መሸፈኛ ነው። የመሸፈኛው ምስማር በሁለቱ ጣውላዎች መካከል ባለው ክፍተት አልፎ ማገሩን ይያዝ እንጂ ከጣውላዎቹ አንዱንም አይውጋ። ጣውላውን በአግድም ደርበው የሚመቱ ከሆነም ሐሳቡ ያው ነው፤ ምስማሩ ከድርቡ ትንሽ ከፍ ብሎ ይግባ፣ የታችኛውን ጣውላ አይንካ።

ያገኙትን ምስማር መጠቀም

ተራ ምስማር ውጭ ላይ ይዝጋል፤ ከእያንዳንዱ ራስ ሥርም ጥቁር እንባ ይወርዳል። ኦክን በመሰለ ታኒን (ብረት ሲነካው የሚጠቁር የእንጨት ንጥረ ነገር) የበዛበት እንጨት ላይ እድፉ ይብሳል። ዚንክ ውስጥ የተነከረ ወይም የማይዝግ ብረት ምስማር ይግዙ። ለ2.5 ሳንቲሜትር ጣውላ ከ6 እስከ 7 ሳንቲሜትር ርዝመት ጥሩ ነው።

ማገርና ሰያፍ ማሳነስ

በቁም የሚመታ ጣውላ የሚያርፍበት አግድም እንጨት ይፈልጋል፤ በየ60 ሳንቲሜትሩ ያድርጉለት። እንዲህ ያለ ሽፋን ግድግዳው ወደ ጎን እንዳይዘም አያግድም፤ በተለይ በየጣውላው አንድ ምስማር ብቻ ሲኖር። በእያንዳንዱ ግድግዳ ጥግ ላይ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ሰያፍ ሞራሌ ይምቱ። ከዚያ በፊት ወለሉን ከጥግ ጥግ በሰያፍ ይለኩ። ሁለቱ ልኮች እኩል ካልሆኑ ወለሉ ጠማማ ነው፤ ጣራው ላይ ሲደርሱ ይህ ዋጋ ያስከፍልዎታል።

ጣውላውን መሬት ማስነካት

የጣውላው የታችኛው ጫፍ ከአፈር ቢያንስ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ከፍ ይበል። መሬት ላይ የወደቀ ዝናብ ተመልሶ ይረጫል፤ በግድግዳው ዙሪያ ጠጠር ማፍሰስ ይህን ይቀንሳል። እንጨት ደግሞ ከፊቱ ይልቅ በተቆረጠ ጫፉ በኩል ብዙ ውሃ ይጠጣል። መበስበስም የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ጫፍ ከመምታትዎ በፊት ደጋግመው ዘይት ወይም ቀለም ያጠጡት፤ ግድግዳ ላይ ከወጣ በኋላ ብሩሽ አይደርስበትም። የጣራውን ክፈፍም 30 ሳንቲሜትር ያህል ወደ ውጭ ያውጡት። ግድግዳን ከዝናብ የሚጠብቀው ከማንኛውም ቀለም በፊት ጥሩ ክፈፍ ነው።

የሚያሽግ ቀለም መቀባት

ላዩን እንደ ቆዳ የሚሸፍን ወፍራም ቀለም እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል፤ ከዚያ ይላጣል። ለሻካራ ጣውላ ውስጥ የሚሰርግ ዘይት ወይም የእንጨት ማቅለሚያ ይሻላል። ሻካራ ፊት ከለስላሳው በጣም የበለጠ ስለሚጠጣ ጨመር አድርገው ይግዙ። ቢቻል ጣውላውን ከመምታትዎ በፊት በፊትም በጀርባም ይቀቡት። አንድ ነገር በጥብቅ ልንገርዎት፦ የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨማድዶ ሲቀመጥ በራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ጨርቁን ውጭ ዘርግተው ያድርቁት፤ ወይም ውሃ ባለበት ክዳን ያለው የብረት ዕቃ ውስጥ ይክተቱት።

የበሩን ሰያፍ አገልብጦ መምታት

የጣውላ በር ከባድ ነው፤ ሰያፉ ከተሳሳተ ይዘቅጥና መሬት ይፍቃል። ሰያፉ በማጠፊያው በኩል ካለው የታችኛው ጥግ ተነስቶ፣ መቆለፊያው ባለበት በኩል ወዳለው የላይኛው ጥግ ይውጣ። እንዲህ ሲሆን የበሩ ክብደት ሰያፉን ተጭኖ ወደ ታችኛው ማጠፊያ ይወርዳል። ጣውላው ገና እርጥብ ከሆነ ደግሞ ማጠፊያውን በምስማር ሳይሆን በብሎን ያስሩት፤ በሩ ሲደርቅ እንደገና ማስተካከል ያስፈልግዎታል።