ለሃሎዊን ማታ የድሮ አስፈሪ ፊልሞችን ቤት ውስጥ እንዴት እናሳይ

«የድሮ አስፈሪ ፊልም አያስፈራም» የሚለኝ ሰው ሲገጥመኝ በምን ቅጂ፣ በምን ቴሌቪዥን፣ ስንት መብራት በርቶ እንዳየው እጠይቀዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የፊልሙ ሆኖ አላገኘሁትም። ሜሪላንድ በሚገኘው ቤቴ በየዓመቱ ኦክቶበር 31 ማታ እናቴን፣ የእህቴን ልጆችና ጥቂት ጓደኞቼን ሰብስቤ ፊልም አሳያለሁ። አሁን ደህና አድርጌ የማሳየው አንዱን ዓመት ክፉኛ ካበላሸሁት በኋላ ነው።

መጀመሪያ ፊልሞቹን ምረጡ፤ ከሦስት አትለፉ። የእኔዎቹ «ኖስፌራቱ» (1922)፣ «ካት ፒፕል» (1942) እና «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» (1968) ናቸው። 94፣ 73 እና 96 ደቂቃ ይፈጃሉ። ቅደም ተከተላቸውን አትቀይሩ። ድምፅ አልባውን «ኖስፌራቱ» ሰው ገና ሳይደክመው ማየት አለበት፤ ወደ እኩለ ሌሊት ካስጠጋችሁት ግማሹ እንቅልፍ ይወስደዋል።

ቀጥሎ ቅጂ መፈለግ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ እኔም የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። በዚያ ዓመት ኢንተርኔት ላይ መጀመሪያ ያገኘሁትን የ«ኖስፌራቱ» ቅጂ ከፈትኩ። ደም መጣጩ ካውንት ኦርሎክ የሬሳ ሣጥኑን ተሸክሞ በከተማው ጎዳና ሲሄድ ምስሉ ላይ ጠራራ ፀሐይ ነበር። መጨረሻ ላይ ደግሞ የማለዳ ፀሐይ አግኝታው ስትገድለው አሥራ ሁለት ዓመት የሆነው የእህቴ ልጅ «ፀሐይ የምትገድለው ከሆነ ቅድም እንዴት በቀን ሲዞር ነበር?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ሁሉም ተዘናግቶ ስልኩን አወጣ፤ ለቀጣዩም ፊልም ያለው ስሜት እዚያው ሞተ።

መልሱን ያወቅሁት ቆይቶ ነው። በ1922 የነበረው የፊልም ጥሬ ዕቃ ውጭ፣ በሌሊት ጨለማ ለመቅረጽ አይበቃም ነበር። ዳይሬክተሩ ሙርናው የሌሊቱን ትዕይንት በቀን ቀረጸው፤ ከዚያ ቅጂው ላይ ያ ክፍል በሰማያዊ ቀለም ተነከረ። የዘመኑ ተመልካች ሰማያዊውን ሲያይ ሌሊት መሆኑን ያውቃል፤ የሻማ ብርሃን ቢጫ ነው፣ ንጋት ሮዝ። ቀለሙ የወጣለት ጥቁርና ነጭ ቅጂ ሌሊቱን ቀን ያደርገዋል፤ ታሪኩም ትርጉም ያጣል።

እንዲህ ያለ ቅጂ የበዛበት ምክንያት አለ። ፊልሙ ያለ ፈቃድ ከብራም ስቶከር ልቦለድ «ድራኩላ» የተወሰደ ስለነበር የደራሲው ባለቤት ፍሎረንስ ስቶከር ከሰሰች፤ በ1925 የጀርመን ፍርድ ቤት ቅጂዎቹ ሁሉ እንዲጠፉ አዘዘ። የተረፉት በየአገሩ ተበትነው የቀሩ ናቸው፤ ከእነሱም ላይ ጥራቱን ሳይጠብቅ ብዙ ተባዝቷል። በጀርመኑ የሙርናው ፋውንዴሽን የታደሰው ግን በፈረንሳይ ከተገኘ ባለቀለም የ1922 ቅጂ ተነስቶ ነው፤ የሃንስ ኤርድማን ሙዚቃም ተመልሶለታል። ፈልጋችሁ እሱን ያዙ።

ትክክለኛውን ለመለየት ሁለት ነገር ተመልከቱ። አንዱ ርዝመቱ ነው፦ አንድ ሰዓት ገደማ ከሆነ ተዉት፣ ወይ ተቆርጧል ወይ ፈጥኗል። የድምፅ አልባው ዘመን ፊልም ሲቀረጽ በሰከንድ ከ24 ባነሰ ምስል ነበር፤ በ24 ሲለቀቅ ሰዎቹ እየሮጡ የሚሄዱ ይመስላሉ፣ ተመልካችም ይስቃል። ሁለተኛው ቀለሙ ነው፦ መሐሉን ከፍታችሁ ሰማያዊና ቢጫ ክፍሎችን ፈልጉ።

ለ«ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ»ም እንዲሁ ተጠንቀቁ። አከፋፋዩ የፊልሙን ርዕስ ሲቀይር የቅጂ መብት ማስታወቂያው አብሮ ወደቀ፤ በጊዜው የአሜሪካ ሕግ ያ ብቻ ፊልሙን ባለቤት አልባ አደረገው። ስለዚህ ያረጀ ቅጂ በእጁ የነበረ ሁሉ አባዝቶታል። እናንተ በ2016 የታደሰውን ያዙ፤ እሱ የተሠራው ከመጀመሪያው ኔጋቲቭ፣ ማለትም ካሜራው ውስጥ ከተቀረጸው ፊልም ነው። በኮምፒውተር ቀለም የተቀባውን ግን በነፃም ቢሰጧችሁ አትውሰዱ።

ቴሌቪዥኑን ቀን ላይ አስተካክሉ። እንቅስቃሴን የሚያለሰልሰውን አሠራር አጥፉ፤ ስሙ እንደ አምራቹ ይለያያል፣ «ሲኒማ» ወይም «ፊልምሜከር» የሚለውን ምርጫ ከያዛችሁ ብዙውን ጊዜ አብሮ ይጠፋል። ይህ አሠራር ፊልምን ስቱዲዮ ውስጥ የተቀረጸ የቴሌቪዥን ድራማ ያስመስለዋል፤ ከፋብሪካ በርቶ መምጣቱ እስካሁን ያናድደኛል። ምስሉንም አትለጥጡት። የእነዚህ ፊልሞች ምስል ወደ አራት ማዕዘን የተጠጋ ስለሆነ ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ መቅረቱ ትክክል ነው።

በሃሎዊን ማታ በየቤቱ እየዞሩ ከረሜላ የሚለቅሙት ልጆች በር ማንኳኳታቸውን ሳያቆሙ አትጀምሩ። እኛ ሰፈር ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ የበረንዳውን መብራት አጠፋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይመጣም። ፈንዲሻውና ቡናው በፊልሞቹ መሐል ይሁን፤ ጀበናው እረፍቱን ልክ ያደርገዋል። ትንንሾቹን ከሁለተኛው ፊልም በኋላ አስተኟቸው።

«ካት ፒፕል» ወደ ግስላ እለወጣለሁ ብላ ስለምትፈራ ከሰርቢያ የመጣች ሴት ነው፤ እዚህ ላይ ዋናው ሥራችሁ ድምፅ ነው። አንዲት ሴት በሌሊት በፓርኩ አጥር ሥር ስትሄድ ከኋላዋ የሌላ ሴት ጫማ ኮቴ ይሰማል፤ ድንገት ኮቴው ይጠፋል። የሚቀጥለውን አልነግራችሁም። ኮቴው በግልጽ እስኪሰማ ድምፁን ቀድማችሁ ለኩት፣ ከዚያ በኋላ ሪሞቱን አትንኩ። ፊልሙ ግስላዋን ከማሳየት ይልቅ በጥላዋ ያስፈራል፤ ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ አንዲት መብራት እንኳ ብትበራ ያበላሸዋል።

እናቴ በዚህ ፊልም ማብራሪያ ጠይቃኝ አታውቅም። ቀን ሰው ሆኖ ውሎ ማታ ጅብ ስለሚሆን ሰው ሲወራ እየሰማች አድጋለች። የሰርጉ ራት ላይ አንዲት የማትታወቅ ሴት መጥታ ሙሽራዪቱን በሰርብኛ «እህቴ» ስትላት እናቴ «አገሯ ተከትሏት መጣ» አለች። ስለዚህ ፊልም ከሰማሁት ሁሉ ይህን የሚያህል የለም።

የመጨረሻውን ፊልም ከማስጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ለወጣቶቹ ንገሯቸው፦ በ1968 አንድ ጥቁር ተዋናይ፣ ዱዌይን ጆንስ፣ በነጮች መሐል ትእዛዝ ሰጪና ጀግና ሆኖ ሲታይ ብርቅ ነበር፤ ፊልሙ ሲወጣ ማርቲን ሉተር ኪንግ ከተገደሉም ገና ስድስት ወር ገደማ ነበር። ከዚህ በላይ አትናገሩ። ፊልሙ ሲያልቅ የቆሙ ፎቶግራፎች ይከታተላሉ፣ በላያቸውም ስሞች ይጻፋሉ። ሰው አለቀ ብሎ መነሳት የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው፤ እጃችሁን ከመብራቱ አርቁና የመጨረሻው ፎቶ እስኪያልፍ ጠብቁ።