ከድሬዳዋ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው? ስናሰላ የምንሳሳታቸው ነገሮች

አክስቴ ሐረር ጀጎል ውስጥ ነው የምትኖረው። ልጇን ልትጠይቅ ዋሽንግተን ስትሄድ ትኬቷ ከቦሌ የሚነሳው በረራ «ረቡዕ 00:30» ይላል። ረቡዕ ማታ ሻንጣዋን ጭነን አደረስናት። አውሮፕላኑ ግን የሄደው ትናንት ሌሊት ነበር። እንባዋን ዛሬም አልረሳውም።

ይህ ስህተት ከሁሉም ይከፋል፤ ለዚህ ነው ያስቀደምኩት። እኛ ሌሊቱን እስኪነጋ ድረስ የማክሰኞ እናደርገዋለን፤ «ማክሰኞ ሌሊት 6 ሰዓት ተኩል» እንላለን። ትኬት ላይ ግን ልክ እኩለ ሌሊት ሲሆን ቀኑ ይለወጣል። ሰዓቱ ከ00:00 እስከ 06:00 ባለው ውስጥ ከሆነ 6 ይደምሩበት። ከቤት የሚወጡትም በዋዜማው ማታ ነው። የጠዋቱና የቀኑ ቀላል ነው፤ 6 መቀነስ ብቻ። 08:00 ማለት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው።

ሁለተኛው፣ ከመድረሻው ሰዓት ላይ የመነሻውን መቀነስ። ትኬት ላይ ሁለቱም የተጻፉት በየከተማቸው ሰዓት ነው። ለምሳሌ ከአዲስ አበባ 22:30 ተነስቶ በማግስቱ 08:00 ዋሽንግተን የሚገባ በረራ የ9 ሰዓት ተኩል ጉዞ ይመስላል። በእነሱ ክረምት፣ ማለትም በብርዱ ወቅት፣ ልዩነታችን 8 ሰዓት ስለሆነ እውነተኛው ጉዞ 17 ሰዓት ተኩል ነው። በበጋቸው፣ ማለትም በሙቀቱ ወቅት፣ ልዩነቱ 7 ይሆናል። እነሱ ሰዓታቸውን ይቀይራሉ፣ እኛ አንቀይርም። መድኃኒት በሰዓቱ የሚወስድ ሰው ይህን ማወቅ አለበት።

መሄጃውና መመለሻው እኩል ነው ብለውም አያስቡ። ርቀቱ ያው 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው ያለው። አየሩ ስስ ስለሆነ ነዳጅና ሰው ሞልቶ የተጫነ አውሮፕላን ለመነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ ሲሄድ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል። ሲመለስ ዋሽንግተን ዝቅ ያለ ቦታ ነው፤ ነፋሱም ከኋላ ይገፋዋል። በቀጥታ 13 ሰዓት ገደማ ይበቃዋል።

ርቀትን ለፍጥነት ማካፈልም አጭር በረራ ላይ አይሠራም። ከድሬዳዋ ቦሌ በአየር 340 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት 900 ቢበር 23 ደቂቃ ይወጣል። ትኬቱ ግን አንድ ሰዓት ያህል ይላል። መንደርደሩ፣ ሽቅብ መውጣቱ፣ ለማረፍ ዝቅ ማለቱ አለ።

የሐረር ሰው ደግሞ መንገዱን ይርሳው ማለት አይቻልም። የመንገደኛ በረራ ያለው ድሬዳዋ ነው። ሃምሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው፤ ግን አወዳይ ላይ መኪናና ጫት ገበያ ይጠብቅዎታል፣ ከዚያ የደንገጎ ቁልቁለት አለ። እዚያ ከባድ መኪና ፊትዎ ከገባ መቅደም የለም። በረራዎ የጠዋት ከሆነ ድሬ ይደሩ። አክስቴ ሁለተኛውን ትኬት ስትቆርጥ እኛ ቤት ነው ያደረችው።